«የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» ለተባላችሁ

ይህን የምጽፈው ለታመመ፣ ልጅ ለቀበረ ወይም ትዳሩ ለፈረሰበት፣ በዚያ ላይ ደግሞ «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» ለተባለ ሰው ነው። እኔም ተብያለሁ። ብዙ ዓመት አልፏል፤ ግን ያ ቃል እንዴት አጥንት ድረስ እንደሚዘልቅ አልረሳሁም። ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት ይሄዳል። ሲያዝን ዘመድ ያጽናናዋል። ፈጣሪ ተቆጥቶብሃል የተባለ ሰው ግን የት ይሂድ? የሚሸሸው ከእሱ፣ የሚለምነውም እሱን ነው።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የምጠቅሳቸው ምዕራፎች ግን በሁሉም ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል።

ባለቤቴ የሞተው ኤችአይቪ በየሰፈሩ ድንኳን በሚያስተክልበት ዘመን ነው። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት አልጀመረም ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ተመረመርኩ፤ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ ተገኘ። ልጃችን ግን ነፃ ነበረች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ለቅሶው ላይ ሻይ ሲቀርብ አንዲት የቅርብ ዘመድ የኔን ኩባያ ለየችው። ጆሮው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት፣ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል። ክሩን ሁለቴ ጠምጥማ በጥርሷ ስትቆርጠው እያየኋት ነበር። ከዚያ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ዞር ብላ «ምን ይደረግ፣ የእግዜር ቁጣ ነው» አለች። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አንድ ሰባኪ ይህ በሽታ በዝሙተኞች ላይ የወረደ የሰዶም እሳት ነው ብሎ በድምፅ ማጉያ ሲናገር ሰማሁ። ከባለቤቴ ሌላ ወንድ አላውቅም። ግን ይህን ለማን ልንገር? ደግሞስ ብናገረው «እኔ አይገባኝም፣ ሌሎቹ ግን ይገባቸዋል» ማለት አይሆንም? ያኔም ይኼ ነገር ይከነክነኝ ነበር።

ከአርባው በኋላ የባለቤቴን ልብስ ለነዳያን ለመስጠት ስለያይ የጋብቻ ወረቀታችን ያለበት ፖስታ ውስጥ ሌላ ወረቀት አገኘሁ። የደም ምርመራ ውጤት ነው። አራት ቦታ ታጥፏል፤ ማጠፊያው ላይ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። ብዙ ጊዜ ተከፍቶ የተዘጋ ወረቀት ነው። ቀኑን አየሁት። ከሠርጋችን በፊት ነው።

ያውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ ሁለት ሆነ። እግዚአብሔር እኔን ተቆጥቶኛል ወይ? እሱንስ እንዴት አይቆጣውም? ቁጣ የሚባል ነገር ካለ ከኔ ላይ ተነሥቶ እሱ ላይ እንዲወርድ ነበር የምፈልገው። ይህን የምነግራችሁ እንዲህ የሚሰማው ሰው ብቻውን እንዳልሆነ እንዲያውቅ ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የመለሰልኝ መጽሐፈ ኢዮብ ነው። ኢዮብ ሀብቱን፣ ልጆቹን፣ ጤናውን አጣ። ሦስት ወዳጆቹ ሊያጽናኑት መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ ማለፊያ ወዳጆች ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ነገሩ የተበላሸው። ያለ ምክንያት እንዲህ አይደርስብህም፣ የደበቅከው ነገር አለ፣ ተናዘዝ ይሉታል። ምዕራፍ በምዕራፍ ይህንኑ ነው የሚደጋግሙት። ኢዮብ ደግሞ አልሠራሁም ብሎ ይሟገታል፤ እግዚአብሔርን ራሱን ፊት ለፊት ይሞግታል።

ብዙ ሰው መጨረሻውን አያነብም። እባካችሁ ምዕራፍ 42ን አንብቡት። እግዚአብሔር ቁጣዬ ነድዷል ይላል። በማን ላይ? በበሽተኛው ላይ አይደለም። በኤልፋዝና በሁለቱ ባልንጀሮቹ ላይ ነው። ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል። በዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ «በእግዚአብሔር ቁጣ ሥር ነህ» ሲባል የከረመው ሰው ወዳጅ ሆኖ ተገኘ፣ ቁጣው የነደደው በተናጋሪዎቹ ላይ ሆነ። የዳኑትም ኢዮብ ስለጸለየላቸው ነው። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ያቺ ኩባያዬን የለየች ሴት ታወሰችኝ፤ ስለ እግዚአብሔር የተናገረችው ቅን ነገር እንዳልነበረ ገባኝ።

ጌታም በወንጌል ተመሳሳይ ነገር ተጠይቋል። ሉቃስ 13 ላይ በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለሞቱ 18 ሰዎች ራሱ ያነሣና፣ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ ይልቅ በደለኞች ስለነበሩ ይመስላችኋል? ይላል። አይደለም ብሎ ይመልሳል። ዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት ሠራ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ? ሲሉት እሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው። ግን ልብ በሉ፣ በሉቃስ 13 ንግግሩ «አይደለም» ላይ አያልቅም። ንስሐ ካልገባችሁ እናንተም ትጠፋላችሁ ይላቸዋል። ጣቱን ከሞቱት ላይ አንሥቶ ወደ ሰሚዎቹ መለሰው። ስለዚህ ቁጣ የሚባል ነገር የለም አላለም። ከሬሳና ከበሽተኛ ላይ ቁጣን እያነበባችሁ አትተርጉሙ ነው ያለው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን በንባብ አልተመለሰልኝም። የንስሐ አባቴ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሽማግሌ ነበሩ፤ አሁን አርፈዋል። ወረቀቱንም አሳየኋቸው።

«አባ፣ እግዚአብሔር ፍቅር ነው ሲባል ያመኛል» አልኳቸው። «ለእሱም ፍቅር ከሆነ፣ የኔ ነገር ምንም አይደለም ማለት ነው?»

«ልጄ፣ በተደረገብሽ ነገር እግዚአብሔር ያልተቆጣ መስሎሻል እንዴ?» አሉኝ። «ካንቺ በፊት ተቆጥቷል። አንቺ ሳታውቂ ሠርግሽ ላይ እልል ሲባል እግዚአብሔር ያውቅ ነበር።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ቁጣው ከላዬ የተሰነዘረ ነገር ነበር የሚመስለኝ። ያን ቀን ግን ከጎኔ ቆመ። አሁን ድረስ በሙሉ ልቤ የማምነው ይህንን ነው፤ ሴት ስትታለል፣ ሕፃን ሲደበደብ፣ ድሃ ሲቀማ የማይቆጣ አምላክ ፍቅር ሊባል አይችልም። ልጇ ሲመታ ዝም ብላ የምታይ እናት ትዕግሥተኛ አትባልም። ቁጣውን ከፍቅሩ ላይ ቀንሱልን የሚሉ ሰዎች ተበድለው የማያውቁ ይመስለኛል።

ይህ ነገር በአንድ ቁጥር ውስጥ ተጠቅልሎ የሚገኘው ማርቆስ 3፥5 ላይ ነው። በሰንበት፣ በምኩራብ፣ እጁ የሰለለች ሰው አለ። ሰዎቹ ጌታ ይፈውሰው እንደሆነ ሊከሱት ያደፍጣሉ። በሽተኛው ለእነሱ ወጥመድ ነው። ጌታም ስለ ልባቸው ድንዛዜ አዝኖ በቁጣ አያቸው ይላል። ማዘኑና መቁጣቱ አብረው ናቸው። ከዚያም ሰውየውን እጅህን ዘርጋ አለው፣ እጁም ዳነች። የተቆጣው ለበሽተኛው ብሎ ነው፤ ያዘነው ደግሞ ለእነዚያ ለተቆጣቸው ሰዎች ነው።

አሁን ከባዱ ነገር ጋ ደረስን። «እግዚአብሔር ኃጢአትን ይጠላል፣ ኃጢአተኛውን ግን ይወዳል» የምንለው ነገር አለ። እኔም እለዋለሁ፤ ስሕተት አይደለም። ግን ለኔ በቂ አልነበረም። ያ ወረቀት ራሱን ፖስታ ውስጥ አልደበቀም። የደበቀው ሰው ነው። ኃጢአት ከሠሪው ተነጥሎ አየር ላይ አይንሳፈፍም። መዝሙር 5 ዓመፃ አድራጊዎችን ሁሉ ጠላህ ይላል፤ ዓመፃን ብቻ አይልም። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ቁጥር 16 ላይ እግዚአብሔር ዓለሙን እንዲሁ ወዷል የሚለው ጥቅስ ስንቱ ታክሲ ላይ ተለጥፏል። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 36 ላይ ግን በልጁ በማያምን ሰው ላይ የእግዚአብሔር ቁጣ ይኖራል ይላል። ሁለቱም የአንድ ምዕራፍ ቃል ናቸው።

ታዲያ ያው አንዱ ሰው እንዴት የሚወደድም ቁጣ ያለበትም ይሆናል? ጳውሎስ በሮሜ 5፥8 ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞተ ይላል። ከተመለስን በኋላ አላለም። ኤፌሶን 2 ላይ ደግሞ የቁጣ ልጆች ነበርን ብሎ ሳይጨርስ፣ ነገር ግን እግዚአብሔር በምሕረቱ ባለጠጋ ስለሆነ ይላል። ፍቅሩ ቁጣው እስኪበርድ አልጠበቀም። ተቆጥቶ ሳለ ወደደን፤ ዕዳውን ራሱ ከፈለ። የንስሐ አባቴ ቆላስይስ 2፥14ን ከፍተው አነበቡልኝ። በእኛ ላይ የነበረውን የዕዳ ጽሕፈት በመስቀል ላይ ቸነከረው ይላል። ዕዳ የለም አላለም። የተጻፈ ነገር ነበር፣ እሱም ተቸነከረ። ለተበደለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በደሉ ተመዝግቧል ማለት ነውና።

ስለ ቁጣው አንድ ነገር ልጨምር። ቁጣ ሲባል መብረቅ ነበር የሚታየኝ። ሮሜ 1 ግን የእግዚአብሔር ቁጣ ይገለጣል ካለ በኋላ የሚደጋግመው «አሳልፎ ሰጣቸው» የሚለውን ነው። ሰውን የመረጠው ነገር ውስጥ ይተወዋል። ባለቤቴን ሳስበው፣ ሕመሙን ማለቴ አይደለም፣ ያንን ወረቀት እየከፈተ የሚዘጋባቸውን ሌሊቶች ነው የማስበው። አጠገቡ ተኝቼ ነበር። አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ! ከዚያ የከፋ ብቸኝነት ምን አለ? እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ግን ሲኦል ከሞት በኋላ ብቻ እንደማይጀምር ከእሱ ተምሬያለሁ።

ከዚያ ጾመ ነነዌ ደረሰ። እንደምታውቁት ከዐቢይ ጾም በፊት ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ እንጾማለን፤ ትንቢተ ዮናስም ይነበባል። ስለ ዓሣ አንበሪው ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ምዕራፍ 4ን ግን ያኔ ነው በደንብ ያዳመጥኩት። ነነዌ ንስሐ ገባች፣ እግዚአብሔር ማራት፣ ዮናስ ተቆጣ። እግዚአብሔር ቁጣውን ሲተው ነቢዩ አነሣው። አንተ ቸር እንደሆንክ፣ ምሕረትህም የበዛ እንደሆነ ስለማውቅ ነው የሸሸሁት ይላል። የሸሸው ፈርቶ አይደለም። ይምራቸዋል ብሎ ነው!

ዮናስን አትናቁት። ነነዌ የአሦር ከተማ ናት። አሦራውያን በጭካኔያቸው የታወቁ ናቸው፤ በኋላም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ የሰሜኑን የእስራኤል መንግሥት ያጠፉት እነሱ ናቸው። ዮናስ ደግሞ የዚያው የሰሜኑ አገር ሰው ነው። ጠላቱ ነው የተማረበት። መጽሐፉ የሚያልቀውም በጥያቄ ነው። እግዚአብሔር ቀኝና ግራቸውን ለማይለዩ ከ120 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎችና ለብዙ እንስሶች አላዝንምን? ይለዋል። የዮናስ መልስ አልተጻፈም።

ደግሞ ነነዌ ለዘለዓለም አላመለጠችም። ወደ ግፏ ስትመለስ ነቢዩ ናሆም መጥፊያዋን ተናገረ፤ በ612 ከክርስቶስ ልደት በፊት ፈረሰች። ይህ ለኔ አስፈላጊ ነበር። ምሕረቱ ግፉን ካለማየት የመጣ አይደለም። አይቶ፣ ተመልሰው ይኖሩ ዘንድ ጊዜ መስጠት ነው። ሕዝቅኤል 33 ላይ ኃጢአተኛው ተመልሶ በሕይወት ይኖር ዘንድ እንጂ ይሞት ዘንድ አልፈቅድም እንዳለው።

የዚያን ዓመት ስቅለት ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። ስግደቱን በአቅሜ ነው የሰገድኩት፤ ሰውነቴ ገና ደካማ ነበር። ወደ ማታ ላይ ጥብጠባ አለ። ምእመኑ ተራ በተራ ካህኑ ፊት ቀርቦ ያጎነብሳል፣ ኃጢአቱን ይናገራል፣ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ይመቱታል፣ የሚሰግደውንም ይነግሩታል። ተራዬ ሲደርስ በባለቤቴ ላይ ያለኝን ቂም ተናገርኩ። ቅጠሉ ጀርባዬን ነካኝ። ምቱን ጠብቄ ትከሻዬን አጥብቄ ነበር፤ ያረፈብኝ ግን ከነጠላዬ የማይከብድ ነገር ነው። ሽታው እስከ ቤት ተከተለኝ። ጌታ በዕለቱ የተገረፈው ግርፋት ሲነበብ ስሰማ ውዬ ለኔ የደረሰኝ ይህ ብቻ መሆኑን ሳስብ፣ ስለ ቁጣና ፍቅር ያነበብኩት ሁሉ ጀርባዬ ላይ የተጻፈ መሰለኝ።

በቀኙ የተሰቀለውን ወንበዴ እንዳሰብክ አስበን እያልን እንጸልያለን። ወንበዴው ራሱ እኛስ የሚገባንን ነው የተቀበልነው ብሏል። ፍርዱን አልካደም፤ ግን አስበኝ አለ። በዚያ ጸሎት ውስጥ የባለቤቴን ስም ማስገባት የጀመርኩት በሙት ዓመቱ ነው። ቀላል አልነበረም። አሁንም የሚከብደኝ ቀን አለ።

ይቅርታን በተመለከተ ግን አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ይቅር ማለት ምንም አልሆነም ማለት አይደለም። እኔ ይቅር ያልኩት የሞተን ሰው ነው። ዛሬ የሚደበድብሽ፣ የሚያታልልሽ ሰው ቤት ውስጥ ካለ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው፣ ቻዪው» የሚልሽን አትስሚ። ውጪ። ራስሽንና ልጆችሽን አድኚ። ይቅርታው ከደኅና ቦታ ሆኖም ይደርሳል።

ሌላው መድኃኒት ነው። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እኔም ጀመርኩ። በዚያን ጊዜ ፀበል ቦታ የነበሩ ብዙ ሰዎች «ከፈጣሪ ቁጣ ክኒን አያድንም» እየተባሉ ሲያቋርጡ አይቻለሁ። ሲቀበሩም አይቻለሁ። ይህ ነው የተሳሳተ የቁጣ ትምህርት የሚያደርሰው ጉዳት። እኔም እንጦጦ እመላለስ ነበር። ጎህ ሳይቀድ፣ በዚያ የባህር ዛፍ ብርድ፣ ቢጫ ጀሪካኔን ይዤ። ክኒኔን ግን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ነበር የምሄደው፤ ሰዓቱ ሲደርስ እዋጥ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው በይፋ ሲናገሩ ስንቱን ሰው ከሞት እንዳዳኑት እሱ ይቁጠረው። ያኔ ጠዋትና ማታ ነበር የምንውጠው፤ ዛሬ ለብዙዎቻችን በቀን አንድ ክኒን ነው። በደንብ የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ይወርዳል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም አያስተላልፍም። ጾምና ቁርባን ላይ ሰዓቱ ቢጋጭባችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ለንስሐ አባታችሁም ለሐኪማችሁም ንገሩ። እኔ ሁለቱንም ጠይቄ ነው የወሰንኩት፤ መፍትሔ አለው።

ንስሐ አባት ስትመርጡ ደግሞ ቁጣን ብቻ ወይም «ምንም አይደል» ብቻ የሚያውቅ አይሁን። የኔ አባት ኃጢአቴን አላቃለሉልኝም፤ ቀኖናም ሰጥተውኛል። ግን ሕመሜን አንድ ቀን እንኳ ከኃጢአቴ ጋር አላያያዙትም።

በሽተኛ ልትጠይቁ የምትሄዱ ሰዎች፣ የኢዮብ ወዳጆች በመጀመሪያው ሳምንት ያደረጉትን አድርጉ። ተቀመጡ። ምክንያት አትፈልጉለት። ምግብ ይዛችሁ ሂዱ፣ መድኃኒቱን ወስዶ እንደሆነ ጠይቁ፣ ልጅ ካለው ልጁን ትምህርት ቤት አድርሱለት።

ፍርሃቱ ሌሊት ሌሊት ለሚመጣባችሁ ደግሞ የንስሐ አባቴ የሰጡኝን ልስጣችሁ። በዳዊቱ 102ኛው መዝሙር ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ 103 ተብሎ ይገኛል። ሁልጊዜ አይቀሥፍም፣ ለዘለዓለም አይቆጣም፣ እንደ ኃጢአታችን አላደረገብንም ይላል። ሙሉውን ማንበብ ካቃታችሁ ከቁጥር 8 እስከ 14 በቂ ነው።